ነጋሪቱ በዛ፤ ጥሩምባውስ የታለ?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ የወጣ፣ ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የገሰገሰ ሰው ሁሉ ሉማሜን አይቷታል። ልብ ብሏት ይሆን? እሱን እንጃ። ለብዙው ተሳፋሪ ‹‹ማርቆስ ልንደርስ ነው›› ብሎ የጫማውን ክር የሚያስርባት ከተማ ናት። የአዋበል ወረዳ መቀመጫ ስትሆን ዙሪያዋ የጤፍ ማሳ ነው። እኔ ግን ዘመድ ስላለኝ እንደ መንገደኛ አላያትም። አጎቴ ቤት ባደርኩ ቁጥር የሚቀሰቅሰኝ ዶሮ አይደለም፤ የእድሩ ጥሩምባ ነው።

ጥሩምባው ጎህ ሳይቀድ ይነፋል። ለፋፊው ማን እንደሞተ፣ የማን አባት የማን እናት እንደሆነ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓትና በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚፈጸም ይናገራል። ከተሳሳተ እዚያው መንገድ ላይ ይታረማል። ‹‹ኧረ የታላቅየው አይደለም፣ የታናሽየው ልጅ ነው!›› የሚል ድምፅ ከአንዱ አጥር ውስጥ ይወጣል። እሱም አቤት ብሎ፣ አስተካክሎ፣ እንደገና ይነፋል። ዜና ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። የሚመለከትህን ነገር በጊዜው መስማት፤ ያውም መልሰህ ልትጠይቀው ከምትችለው ሰው አፍ!

ሌላም ጥንታዊ የወሬ መሣሪያ ነበረን፤ ነጋሪት። ነጋሪት ሲጎሰም ሕዝቡ ይሰበሰባል፣ አዋጁ ይነበባል፣ ሕዝቡ ይበተናል። ነጋሪት ይናገራል እንጂ አይሰማም። አንድ ገበሬ ከመሀል ብድግ ብሎ ‹‹ቆይ እስቲ፣ እዚህች ላይ ጥያቄ አለኝ›› ያለበትን ቀን በየትኛውም ታሪክ ላይ አላነበብኩም።

ውድ አንባቢያን! የዛሬው ነገሬ አጭር ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ የተወለደው ከነጋሪቱ ቤት ነው። ዘመን ተለወጠ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ማሰራጫው ተለወጠ፤ እሱ ግን ከተወለደበት ቤት አልወጣም። ጥሩምባ የሚሆን ሬዲዮ እስከ ዛሬ እንደ ሉማሜ ላሉ ከተሞች አልተሰጣቸውም።

እስቲ ወደ ኋላ መለስ እንበል። የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የገነባው (ጉድ በሉ!) አንሳልዶ የሚባል የጣሊያን ኩባንያ ነው። ዓመት እንኳ ሳይሞላው ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ ጣቢያ ስለ ጣሊያን ዛቻ ለዓለም ተናገሩ። ትልቅ ነገር ነበር። ግን ልብ እንበል፤ ንግግሩ ከቤተ መንግሥት ወደ ዓለም ነበር። ከአዋበል ወደ ቤተ መንግሥት የሚሄድ ድምፅ ያኔም አልነበረም።

በየካቲት 1955 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ብስራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ዜናውም ትምህርቱም ብዙ አድማጭ አገኘ። ደርግ በመጋቢት 1969 ወረሰውና ‹‹የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ›› አለው። የአንዱን ድምፅ ነጥቆ የራስን ስም መለጠፍ እንግዲህ ያን ጊዜም የታወቀ ሙያ ነበር።

ሕዝቡም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ዶቸ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1957 ነው፤ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተከተለ። በር ተዘግቶ፣ ድምፁ ተቀንሶ፣ ጆሮ ሬዲዮው ላይ ተለጥፎ የተሰማውን ወሬ የዚያን ዘመን ሰው ያስታውሰዋል። አጎቴ የባትሪ ድንጋዩን ጠዋት ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማታ ለሬዲዮው ያጎርስ ነበር። ስለ ገዛ አገሩ ለማወቅ ከኮሎኝና ከዋሽንግተን የሚመጣ ድምፅ ይጠብቃል! ልብ በሉ፤ ሉማሜ ላይ ተቀምጦ ደብረ ማርቆስ ምን እንደሆነ የሚሰማው ባሕር ማዶ ዞሮ ነው።

ጎጃም የራሱን ታሪክ እንኳ በሬዲዮ የሰማው በዚሁ ዓይነት ዙሪያ ጥምጥም ነው። ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› የጎጃም ነገር ነው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም የጎጃም ልጅ ናቸው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነበው አገር ሁሉ ሥራ ፈትቶ ሰማ። ድንቅ ነበር። የሆነው ሆኖ ያም ቢሆን ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የወረደ ነው። ከጎጃም ወደ ጎጃም የሚናገር የለም።

ደርግ በ1983 ወደቀ። በዚያው ዓመት፣ ከሁለት ወር በፊት፣ ማሊ ውስጥ የሙሳ ትራኦሬ መንግሥት ወድቆ ነበር። ሁለት ድሃ የአፍሪካ አገሮች በአንድ ዓመት ከፈላጭ ቆራጭ ተላቀቁ ማለት ነው። ማሊዎች በዚያው ሰሞን ነፃ ሬዲዮ መክፈት ጀመሩ፤ ከዓመታት በኋላ ከከተማ እስከ ገጠር በመቶዎች ሆኑ። እኛስ? በ1985 የፕሬስ አዋጅ ወጣና ጋዜጣ ተፈቀደ፤ እሰየው። ማንበብ የማይችለው ብዙኃኑ ሕዝብ የሚጠቀምበት ሬዲዮ ግን ቆይ ተባለ። የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178 የወጣው በ1991 ነው። ለመጀመሪያዎቹ የግል ጣቢያዎች ፈቃድ የተሰጠው በ1998፣ ድምፃቸው የተሰማው በ2000 ነው። ቁጠሩት እስቲ! ከ1983 እስከ 2000 አሥራ ሰባት ዓመት። ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ሚስት ሊያገባ ደርሷል።

እስከዚያ ድረስ የኢህአዴግ ዘመድነቱ የታወቀው ሬዲዮ ፋና ከ1987 ጀምሮ እንደ ልቡ ይናገር ነበር። ለአንዱ ‹‹ሕጉ ገና ነው››፣ ለሌላው ‹‹ቀጥል››። እንዲህ ያለውን ሚዛን ቅቤ ነጋዴም አይይዘውም።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ግን ጥሩውንም ልናገር። በ1992 ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲጀመር የአዲስ አበባ ሰው ስልክ ደውሎ የራሱን ድምፅ በሬዲዮ ሰማ፤ ነገሩ አዲስ ነበር። በ2000 ሸገር 102.1 እና ዛሚ 90.7 መጡ። የመዓዛ ብሩ ‹‹የጨዋታ እንግዳ›› ሰውን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ምን ማለት እንደሆነ አሳየን። ዛሚም ጋዜጠኞችን ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ አከራከረ። በሐሳቡ ብንስማማም ባንስማማም የወሬና የክርክር ሬዲዮ መልኩ ይህን ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱም የአዲስ አበባ ነበሩ።

የክልሉስ? በ1987 በኩር ጋዜጣ ተጀመረች፤ ሬዲዮው ተከተለ። የዛሬው አሚኮ በባሕር ዳር 96.9ን ጨምሮ በደብረ ማርቆስ፣ በጎንደር፣ በደሴና በደብረ ብርሃን ኤፍ ኤም ጣቢያዎች አሉት። እዚያ የሚሠሩ ጎበዝ ልጆች አሉ፤ አብሬያቸው የተማርኩም አለሁ። ነገሩ ከልጆቹ አይደለም። ጣቢያው የክልሉ መንግሥት ነው። የወረዳ አስተዳዳሪን በስልክ መስመር አስገብቶ ‹‹ባለፈው ወር ያሉት የት ደረሰ?›› ብሎ አፋጥጦ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ፣ ደመወዙን ማን እንደሚከፍለው ሲያስታውስ ድምፁ ይቀንሳል። ሰው ነው፣ ልጆች ያሳድጋል።

ሰሞኑን ሉማሜ በነበርኩ ጊዜ አንድ ሙሉ ቀን የአጎቴን ሬዲዮ ቁልፍ ሳዞር ዋልኩ። ጠዋት ዜና፤ ባለሥልጣን መረቀ፣ ባለሥልጣን ጎበኘ፣ ባለሥልጣን አሳሰበ። ከዚያ የጤና ምክር። ከዚያ የባንክ ማስታወቂያ። ከዚያ የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ። አርሴናል ማንን ሊገዛ ነው፣ የማንቸስተር አሰልጣኝ ምን አኮረፈ፣ የማን ጉልበት አበጠ... ሰዓት ሙሉ! አጎቴ አንገቱን ነቅንቆ ‹‹አንተ ልጅ፣ የዚያን ፈረንጅ ጉልበት ማበጥ ከለንደን ድረስ ከሰሙ የእኛን ወፍጮ መሰበር ከዚህ ከማርቆስ መስማት እንዴት አቃታቸው?›› አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዲፕሎማዬንም በዚህ ጥያቄ አልተፈተንኩበትም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የ2015ን ክረምት ማን ይረሳዋል? ማዳበሪያ ጠፋ። የአማራ ክልል ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት አሉ። ጤፍ ወቅቱን ጠብቆ ካልተዘራ ‹‹ይቅርታ ዘግይቻለሁ›› ብሎ ማሳመን አይቻልም። በዚያ ሰሞን በሬዲዮ የሚነገረው ስለ ስርጭቱ ነው፤ በየማኅበሩ ደጅ የሚታየው ደግሞ ባዶ መጋዘንና የሰው ሰልፍ። አንድ ሰው ሁለቱን ባንድ ላይ አላመጣቸውም። ሰልፉ ላይ ያለውን ገበሬና ‹‹ተሰራጭቷል›› ባዩን ሰው በአንድ መስመር ላይ ያገናኘ ጣቢያ አልነበረም።

እኔ ሞክሬ ነበር። መቅረጫዬን ይዤ ከሰልፉ ላይ የአምስት ሰዎች ድምፅ ወሰድኩ። አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው ለሦስተኛ ቀን ሲመላለሱ ነበር። ስሙን ለማልጠቅሰው ጣቢያ ወስጄ ሰጠሁ። አዘጋጁ ሰማውና ‹‹ድምፁ ግሩም ነው፤ ግን ሚዛን ይጎድለዋል፤ የኃላፊ ድምፅ ጨምርበት›› አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሙያው ያስገድዳል። ወደ ቢሮው ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ለመስክ ሥራ ወጥተዋል። ኃላፊው ካልተናገሩ የእናትየው ድምፅ አይተላለፍም፤ ኃላፊው ደግሞ አይናገሩም። ስለዚህ የእናትየው ድምፅ አልተላለፈም። እንዲህ ባለ ‹‹ሚዛን›› አንዱ ወገን አፉን ስለዘጋ ብቻ ሌላውን ዝም ያሰኛል! ከወር በኋላ ከዚያው ጣቢያ ተደወለልኝ። ‹‹ስለ መኸሩ ደስ የሚል ነገር ብትሠራልን›› አሉኝ። አልሠራሁም። ይህን የምጽፈው ቂም ይዤ አይደለም፤ ደህና ቢከፍሉኝ እንኳ ምን ብዬ እንደምሠራው ስላልገባኝ ነው።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም እንደተቋረጠ ቆየ። በዚያ ጊዜ ለሰው የቀረው ሬዲዮ ነው። ሰው ማወቅ የሚፈልገው ቀላል ነገር ነበር። መንገዱ ክፍት ነው ወይ? ጤና ጣቢያው መድኃኒት አለው? ልጄ ማርቆስ ፈተና ልትፈተን ትሂድ ወይስ ትቅር? ይህን የሚመልስ አልነበረም። ባዶ የቀረ ጆሮ ደግሞ ባዶ አይቀመጥም፤ አሉባልታ ይገባበታል። ከዚያ ወዲያ ‹‹ሕዝቡ በሐሰተኛ ወሬ ተወናበደ›› እያሉ መውቀስ ምን የሚሉት ነው? እውነቱን ማን ነገረውና!

‹‹የውጭው አለ አይደል›› የሚል ይኖራል። እሱም ቢሆን የሰው እጅ ነው። በመጋቢት 2017 ዋሽንግተን ላይ አንድ ፊርማ ተፈርሞ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ ገበታቸው እንዲርቁ ተደረገ። አርባ ዓመት ሙሉ የተለመደ ድምፅ በአንድ ቀን ተዘጋ። ጎረቤቱን በዋሽንግተን በኩል ሲሰማ የኖረ ሰው ዋሽንግተን ስትዘጋ ጎረቤቱንም ያጣል።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው ‹‹ሬዲዮ ለየወረዳው ከተፈቀደ እንደ ሩዋንዳ እንተላለቃለን›› የሚል ነው። ሩዋንዳ በ1986 የሆነውን አንረሳም፤ ‹‹ሚል ኮሊን›› የተባለው ሬዲዮ ደም አፍስሷል። ግን ያ ጣቢያ የመንደር እድር ያቋቋመው ነበር? አልነበረም። ባለሥልጣንና ባለገንዘብ፣ ለቤተ መንግሥቱ የቀረቡ ሰዎች ያቋቋሙት ነበር። እዚያ ያረደው ጥሩምባው ሳይሆን ነጋሪቱ ነው። ለጥላቻ ንግግር ሕግ አለ፤ ያጠፋውን መክሰስ ይቻላል። ‹‹ሊሳደብ ይችላል›› ተብሎ ምላስ ከልደቱ አይቆረጥም።

ሁለተኛው ‹‹ገንዘቡ ከየት ይመጣል?›› ነው። የቦሊቪያ ማዕድን ቆፋሪዎች ከእኛ የበለጠ ሀብታም አልነበሩም። ከአቃቂ ጣቢያ መከፈት ከዓመታት በኋላ ጀምሮ ከደመወዛቸው እያዋጡ የራሳቸውን ሬዲዮ ጣቢያዎች አቋቋሙ። ሠራተኛው ከጉድጓድ ወጥቶ በእጁ ላይ አቧራው እንዳለ ድምፅ ማጉያው ፊት ይቀመጣል። በ1972 የጦር መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት አድርገው የዋና ከተማውን ጣቢያዎች ዝም ሲያሰኙ የቆፋሪዎቹ ጣቢያዎች ተያይዘው መናገራቸውን ቀጠሉ። እኛስ እድር የሚባል ነገር የለንም? ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ የሬሳ ሳጥን በወር መዋጮ የገዛ ሕዝብ አነስተኛ ማሰራጫ መግዛት የሚያቅተው በምን ምክንያት ነው? ቀባሪ ድርጅት ማቋቋም የቻለ ተናጋሪ ድርጅትም ማቋቋም ይችላል።

ደግሞም ኤፍ ኤም በተፈጥሮው የጎረቤት ነገር ነው። እንደ አጭር ሞገድ ሰማይ ላይ ነጥሮ ባሕር አይሻገርም፤ ተራራ ሲጋርደው ይቀራል። ለአንድ ከተማና ለዙሪያዋ ቀበሌዎች የተሰፋ ልብስ ነው ማለት ይቻላል። እኛ ግን የአዲስ አበባን ወሬ በየተራራው ለመቀባበል አዋልነው።

ሕጉስ ይከለክላል? አይከለክልም! አስገራሚው እዚህ ላይ ነው። በ1999 የወጣው አዋጅ ቁጥር 533 የማኅበረሰብ ሬዲዮን ከሕዝብና ከንግድ ጣቢያዎች ጋር እኩል ሦስተኛ ዓይነት አድርጎ አስቀምጦታል። የ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1238ም አጽንቶታል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ከምባታ፣ ዋግ ኅምራ የማኅበረሰብ ሬዲዮ አይተዋል። ስለዚህ የሚቻል ነገር ነው። የሚጎድለው በሩ ላይ ያለው ሰው ፈቃደኝነት ነው። በሚያዝያ 2017 የተደረገው የአዋጁ ማሻሻያ ደግሞ ፈቃድ የመሰረዝን ሥልጣን ከቦርዱ ወስዶ ለባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት አሻገረው። የእድር ገንዘብ አዋጥቶ ጣቢያ የከፈተ ሕዝብ በአንድ ደብዳቤ እንዳይዘጋበት ማን ዋስ ይሆነዋል? ይኼ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።

የሉማሜ ሬዲዮ ቢኖር ምን ይናገር እንደነበር ልንገራችሁ። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ጥሩምባው የነገረንን ይነግራል፤ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ የማን በሬ ጠፋ። ከዚያ የዕለቱ ገበያ፤ ማኛ ጤፍ፣ ሰርገኛ ጤፍ፣ ስንዴ በኩንታል ስንት ዋለ? ሉማሜ ስንት፣ ደጀን ስንት፣ ማርቆስ ስንት? ይህን የሰማ ገበሬ ደላላ አይጫወትበትም። መብራት መቼ ይጠፋል፣ መቼ ይመጣል? የማርቆስ ሚኒባስ ታሪፉ ስንት ነው፣ ማን አስጨመረ? ከሰዓት በኋላ ክርክር፤ ስልክ ክፍት ነው። የወረዳው ኃላፊ ይጋበዛሉ። ካልመጡም ‹‹ተጋብዘው አልመጡም›› ተብሎ በስማቸው ይነገርና ውይይቱ ያለ እሳቸው ይቀጥላል። ያቺ ልጅ ያዘለች እናት ያን ጊዜ ድምፃቸው የማንንም ስብሰባ ማለቅ አይጠብቅም። ማታ ደግሞ ቅኔና ጨዋታ፤ በጎጃም ምድር እሱ መቼም አይጠፋም። አርሴናልም ይግባ፤ ግን ሩብ ሰዓት ይበቃዋል!

የአዲስ አበባው አንባቢዬ ‹‹ሉማሜ ምኔ ናት?›› እንዳትለኝ። የጤፍ ዋጋ ሰማይ ነካ ብለህ ስታማርር ነገሩ የተጀመረው ማዳበሪያ ባልደረሰበት ማሳ ላይ ነው። የዚያ ገበሬ ድምፅ በሰኔ ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ያንተ እንጀራ በጥር አይሳሳም ነበር። አንተ ጋዜጣ ትገዛለህ፣ ትከራከራለህ፣ ትጽፋለህ። እሱ ያለው ጆሮ ብቻ ነው። በጆሮው ደግሞ የሚገባው የሌላ ሰው ነገር ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ሦስት ነው። አንደኛ፣ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ፈቃድ ለሚጠይቁ እድሮችና ማኅበራት ባለሥልጣኑ በተቆረጠ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይስጥ፤ እምቢም ከሆነ ምክንያቱን ይናገር። ሁለተኛ፣ ጣቢያ መዝጋት የፍርድ ቤት ሥራ ይሁን እንጂ የቢሮ ደብዳቤ አይሁን። ሦስተኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩት የክልል ጣቢያዎች በሳምንት አንድ ቀን እንኳ በቀጥታ ስልክ፣ ያለ ምርጫና ያለ መቁረጥ፣ ገበሬውንና ኃላፊውን ያገናኙ። ይህ ማሰራጫም አዲስ አዋጅም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ድፍረት ብቻ ነው።

ከሉማሜ ስመለስ አጎቴ መንገድ ድረስ ሸኘኝ። ‹‹ይህን ጋዜጣ ላይ ልታወጣው ነው?›› አለኝ። አዎ አልኩት። ‹‹ይሁን፤ ግን እዚህ ጋዜጣ አይደርስም›› አለና ሳቀ። እውነቱን ነው፤ ይህን ጽሑፍ ስለ እነሱ ጻፍኩት፣ እነሱ ግን አይሰሙትም። የሚሰሙበት ቀን እስኪመጣ ድረስ ለዜናው የእድሩ ጥሩምባ ይበቃቸዋል፤ እሱ ቢያንስ ሲሳሳት ይታረማል።

ቸር ወሬ ያሰማን!